እትዬ በቆሎና ሁለቱ ተመራጮች

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የላም በረቱን እናንተ በሉልኝ።

ዝንጀሮ ቢሾም፣ ጦጣ ብትሾም ለበቆሎ ምኗ ነው? ይሄ ነገር ልጇን ላዘለችው ለእትዬ በቆሎ እስካሁን አልገባትም።

የማሳውን ዘበኛ ምረጪ ተባለችና ሁለቱም መጡ።

«ጦጢትን እንዳትመርጪ፤ ልጅሽን ከጀርባሽ መንጭቃ ትበላብሻለች» አለ አያ ዝንጀሮ።

«እሱ ደግሞ አንቺንም ከነሥርሽ ይነቅልሻል!» አለች እመት ጦጢት።

«ስለ ራሳችሁስ?» ብትላቸው ሁለቱም እንደገና ስድብ ጀመሩ። ሲሰዳደቡም መሸ፤ ልጇን የነካው የለም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አንድ ጥያቄ ትወረውርላቸዋለች። ልጇ ጥርሱን አውጥቶ ለዘር ጎተራ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ጥያቄዋ ግን አለቀባት።

እናንተዬ፣ እስቲ ምከሯት፤ ነገ ምን ብላ ትጠይቃቸው?