አንድ ሺህ ዘጠኙ እድምተኞች

«አንቺ ትርፍ ነሽ። ዴስኩ ሦስት ሦስት ነው፤ በይ ወደ ቤትሽ።»

ርዕሰ መምህሩ እናኑን እንዲህ ያላት አምስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ዘንድሮ ደግሞ ያችው ቃል ልጇ ላይ ደረሰች። ልጅቱ ደብተሯን አቅፋ ስትመለስ እናኑ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባሕረ ሐሳብ ወደሚያስተምሩት፣ የጾምና የበዓል ቀን በቁጥር ወደሚያወጡት የኔታ ሄደች።

«የኔታ፣ ትርፍ መሆን በዘር ይወረሳል እንዴ?» ብላ በእሷና በልጇ የደረሰውን ነገረቻቸው።

የኔታ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቁጣው በእሷ ላይ አልነበረም።

«አንድ ባለጸጋ ነበረ» አሉ። «ስለቱ ሰምሮለት ደገሰ። ከራሱ ከደጋሹ ጋር አንድ ሺህ ዘጠኝ ሰው ተሰበሰበ። ባለጸጋው ‹በየመሶቡ እኩል ሰው ካልተቀመጠ ማዕዱ አይባረክም› ብሎ ማለ። ሰባት ሰባት ሆነው ቢቀመጡ አንድ ሰው ተረፈ። ስምንት ስምንት ሆኑ፤ አንድ ተረፈ። ዘጠኝ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፤ ያው አንድ! ሁልጊዜም የምትተርፈው ልጅ ያዘለች አንዲት ድሃ ነበረች፤ ሌላው ተሻምቶ ሲቀመጥ ለእሷ ማን ጠጋ ይልላታል?

«ወጡ ቀዘቀዘ፤ ሰዉ አጉረመረመ። አጋፋሪው ‹ይቺ ገደ ቢስ ናት ማዕዱን ያበላሸችው!› ብሎ ከአጥር ውጭ ገፍትሮ አስወጣት። ሰባት ሰባት ቢቀመጡ ልክ መጣ። ስምንት ስምንትም ልክ መጣ። ‹አላልንም!› ተባባሉ፤ እልልም ያለ አልጠፋም።

«ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከባለጸጋው ጎን ተነሣ። ወጥቶ ሴቲቱን አስገባ፤ በራሱ ቦታ አስቀመጣትና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ‹በሉ ቁጠሩ!› አለ። ቆጠሩ፤ ልክ መጣ። ‹እኔም ገደ ቢስ ነኛ! ጌታው፣ አንተም ብትወጣ ያው ነው፤ ውጣና ሞክረው!›»

የኔታ ወደ እናኑ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝን ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። ወይ እያንዳንዱ ለብቻው ይበላል፣ ወይ ሁሉም ባንድ ማዕድ ይቀመጣል። ጥፋቱ የአከፋፈሉ ሆኖ ሳለ ሰው አባረሩ! አንቺንም ያስወጣሽ ‹ሦስት ሦስት› ያለው ሰውዬ ነው እንጂ ያንቺ ጉድለት አይደለም፤ የልጅሽም አይደለም። እኛ እንኳ ዘመኑን ከፍለን ስናበቃ ቀሪውን አንጥልም። ፋሲካን የምናገኘው ከቀሪው ነው። ቀሪ የሚጥል ሒሳብ የማያውቅ ነው!»

በማግስቱ ጠዋት እናኑ የልጇን እጅ ይዛ ልጅቱ ወደምትማርበት ክፍል ገባች።

«እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለ መምህሩ።

እናኑ ሁለት ዴስክ ጎትታ አጋጠመችና ልጇን መሐል ላይ አስቀመጠቻት።