መዝጊያ የሌለው የነጋድራስ ሙሄ ቤት

ከቆላ ጨው ጭነው የወጡ ግመሎች ሸክማቸውን ለበቅሎ አስረክበው በሚመለሱባት በግመል መልስ ከተማ፣ አፋፉ ጫፍ ላይ፣ የነጋድራስ ሙሄ ቤት ዛሬም ቆሟል። ባለ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ወለሉ የጥድ ሳንቃ፣ መቃኑ ሁሉ በሐረግ ቅርጽ የተፈለፈለ። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ አድንቆ ሳይጨርስ ግን ግር ይለዋል፤ ከውጭው በር ጀምሮ እስከ ውስጠኛው እልፍኝ ድረስ አንድም መዝጊያ የለውምና። ሌባ ወስዶት ነው የሚሉ አሉ፤ ምንጣፉን ትቶ መዝጊያ ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ ግን በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። ጦርነት ነው የሚሉም አሉ። የአገሩ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ሰምተው ፈገግ ይሉና የነጋድራሱን ሚስት የጦይባን ነገር ያነሳሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያን ዘመን የደጋው ገበሬ ከመከሩ የተረፈውን ሸጦ አሞሌ ጨው ይገዛል፤ ጎጆው ስለሚያፈስበትም አምጥቶ ነጋድራስ ሙሄ ቤት በአደራ ያስቀምጠዋል። ምስክር የሚጠራ አልነበረም፤ የነጋድራሱ ቃል ይበቃ ነበር። ታዲያ ነጋድራሱ ሲራራ ነጋዴዎቻቸውን ይዘው ወደ ጎጃም በተሻገሩበት ዓመት፣ የአገሩ ገዥ «ጨው ሁሉ ለመንግሥት ይግባ፤ የደበቀ ቤቱ ይወረስ፣ እጁ ይቆረጥ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። አዋጁን የሚያስፈጽመው ፊታውራሪ ወንድይራድ የሚባል ሹም ጭፍራውን አስከትሎ እየመጣ መሆኑም ተሰማ።

ጦይባ ያኔ ገና ልጅ እግር ናት፤ ወይዘሮ የሚላትም አልነበረም። ወሬው ሲደርሳት ያንን ቤት ከመሠረቱ የሠሩትን፣ መዝጊያዎቹንም በእጃቸው የፈለፈሉትን ሽማግሌ አናጢ አያ ሰይዶን አስጠራቻቸው።

«የራሳችን ቢሆን አስረክቤ እገላገል ነበር፤ የሰው ነው» አለች። «ባሌ ሲመለስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ገበሬውስ?»

«እጅሽስ፣ ልጄ?» አሉ አያ ሰይዶ።

«እጄማ የኔ ነው።»

ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም። ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ድንጋዩን ፈልቅቀው አሞሌውን በውስጡ ደረደሩት፤ ላዩን ጭድና እበት በተለወሰ ጭቃ መረጉት። ቦታውን የመረጠችው ጦይባ ናት፤ ጨው እሳት ከራቀው እርጥበት ስቦ እንደሚቀልጥ የነጋዴ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የረሳችው አንድ ነገር ነበር። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ያለው ክፍል ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እልፍኝ ነው፤ የሚሞቀውን ክፍል ደግሞ ሹም እንጂ ሌላ አይተኛበትም።

ፊታውራሪው መጣ፤ ቤቱን አስበረበረ፤ ምንም አላገኘም። ስላላገኘም አልሄደም። ጭፍራውን በየሰዉ ቤት ደልድሎ እሱ እልፍኙን ያዘ፤ አልጋውን ከዚያው ግድግዳ አስጠግቶ፣ ጋሻውን ከራስጌው ሰቀለ። ጨው እንዳይሾልክ ብሎም የከተማውን በር አዘጋ፤ የሚወጣም የሚገባም ጠፋ። ጦይባ እንጨት ለቀማ ሰው ልላክ ብላ ብትለምነው፣ «እንጨት ብሎ የወጣ ጨው ይዞ ይወርዳል» ብሎ ከለከላት።

በልጉ በዚያ ዓመት ያለወትሮው ጠናና ዝናቡ ቀንና ሌሊት ይወርድ ጀመር። ወታደሮቹ የከተማውን ማገዶ በአጭር ጊዜ ጨረሱት። አንድ ጠዋት ጦይባ እልፍኙን ልትጠርግ ገብታ ቀና ብትል፣ ከጋሻው ሥር ግድግዳው መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ወዝቷል። እጇን ሰድዳ በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው፤ ወጥታም ምድጃው ላይ የቀረውን እንጨት ሁሉ ቆለለችበት። እርጥበቱ ወደ ማታ ላይ ደረቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ እሳት እንዳይጠፋ ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ በርጩማው፣ ቆጡ፣ የሙሽርነት አልጋዋ ሳይቀር ተፈልጦ ገባ። ዝናቡ ግን ገና ነበር።

«አያ ሰይዶ» አለች፣ ዓይናቸውን ማየት ፈርታ፤ «የቀረው መዝጊያው ነው።»

ሽማግሌው መዝጊያውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። እያንዳንዱን መዝጊያ ከየትኛው ጥድ እንዳወጡት ያውቁታል። «ለወታደር እንዳትሰጪው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የሠራሁትን ሌላ ሰው አይፈልጠውም።» ከጓዳው በር ጀመሩ። እየፈለጡ ያለቅሱ ነበር ይባላል፤ ጦይባም ፍላጩን እየተቀበለች አብራቸው አለቀሰች።

ፊታውራሪው ከስብሰባ ሲመለስ የተፈለፈለ ሳንቃ ምድጃ ውስጥ ሲነድ አገኘ።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አለ፣ ዓይኑን ከእሳቱ ወደ ግድግዳው እያንከራተተ።

ጦይባ ፈጥና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ የነጋድራስ ሙሄ እንግዳ በርዶት አደረ ከሚባል መዝጊያዬ ቢነድ ይሻለኛል» አለችው።

እርግጥ ነው፣ ሰው ሲያከብሩት የማይወድ የለም፤ ሹም ደግሞ ይብሳል። ፊታውራሪው ፊቱ በራ። «እንዲህ ያለ መስተንግዶ በአባቴም ቤት አላየሁ!» ብሎ ጭፍራው እየሰማ አመሰገናት። አመስግኖም ክረምቱን እዚያው ሊከርም ወሰነ። ጦይባ ቃሉን ስትሰማ የቀሩትን መዝጊያዎች ቆጠረች፤ ያዳናት ውሸት መልሶ ሊያጠፋት ነው። በየቀኑ አንድ መዝጊያ ይነዳል፣ በየማታው እሱ ያመሰግናታል። እንዲያ እንዲያ እያለ የውጭው በር ብቻ ቀረ።

ያ በር ሁለት ሰው የሚዘጋው፣ መወርወሪያው የሰው ጭን የሚያህል፣ የነጋድራሱ ኩራት ነበር። ፊታውራሪውም ይወደዋል። የብዙ ሰው እንባ ያለበት ሰው ነበርና፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ራሱ ወርዶ መወርወሪያውን በእጁ ሳይነካ አይተኛም። ጦይባ ይህን ልማዱን ስታይ ከርማለች። በሩን ማንደድ የፈራችውም ለዚህ ነበር፤ ቆይታ ግን ፍርሃቱ የማን እንደሆነ ገባት።

«አያ ሰይዶ፣ የውጭውን ያውርዱት።»

«እሱ ከወረደ ቤቱ ሜዳ ነው፣ ልጄ። ያለን በር እሱ ብቻ ነው።»

«እኛን ብቻ አይደለም እኮ የሚጠብቀው» አለች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ፊታውራሪው እንደ ልማዱ ወረደ። እጁን ወደ መወርወሪያው ሲሰድ ነፋስ ያዘ። ባዶውን መቃን፣ ከመቃኑ ወዲያ ያለውን ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ወዲያ ያለውን፣ እሱን የሚጠላውን አገር አየ።

«ይህን ደግሞ ለምን?» አለ፤ ድምፁ ወርዷል።

«ክረምቱን ሊከርሙልን ነው ብዬ፣ ጌታዬ። ለክብርዎ ይህስ ሲያንስ ነው።»

ምን ይበላት? በጭፍራው ፊት ያመሰገነውን መስተንግዶ በዚያው ጭፍራ ፊት ሊረግመው አልቻለም። በር በሌለበት ቤት መተኛት ፈራሁ ማለትም አልሆነለትም። ብቻ ጨርሶ ሳይጨልም ጓዙን አስጭኖ፣ ጭፍራውን አስከትሎ፣ «የማዶው ውሃ ለበቅሎ ይስማማል» አለና ወደ ሌላ ከተማ ተሻገረ። ጋሻውን ከግድግዳው ሲያነሱለት ጭቃው ደረቅ ነበር ይላሉ።

በጋው ሲገባ፣ አዋጁም ሲረሳ፣ ነጋድራስ ሙሄ ተመለሱ። አሞሌው ከግድግዳው ወጥቶ ለየባለቤቱ ሲታደል ደረሱ፤ ጥጉ የሟሟ ቢኖርም ጎደለብኝ ያለ አልነበረም። ገበሬው ባዶውን መቃን ሲያይ ነገሩ ገብቶት ነበርና፣ አንገቱን ደፍቶ ድርሻውን ተቀብሎ ይወጣል። ነጋድራሱ ቤቱን ዞረው አዩ። በመጨረሻ አያ ሰይዶን ጠርተው ጥድ እንዲያስመርጡ፣ ከበፊቱ የበለጠ መዝጊያ እንዲሠሩ አዘዙ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው መቃኑን ሊለኩ ሲነሱ ጦይባ የመለኪያውን ገመድ ከእጃቸው ያዘች።

«መዝጊያ እያለን ነው የገባብን» አለች ባሏን። «ሲጠፋ ነው የወጣልን።»

ነጋድራሱ ትእዛዛቸውን አነሡ። አያ ሰይዶም ገመዳቸውን ጠቅልለው ተቀመጡ ይባላል።

ዛሬም በልግ ሲገባ የደጋ ሰዎች ለገበያ በወጡ ቁጥር አንዳንድ ጉማጅ እንጨት ይዘው ይመጣሉ። የሚያንኳኩት መዝጊያ ስለሌለ በቀጥታ ይገቡና፣ እንጨቱን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ሞቅ አድርገው ይወጣሉ።