ሦስት ጊዜ ደህና

አንድ ቀን የሽማግሌ ጭንቅላት የሚያጠና ዶክተር ቤታችን መጣ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በየሰፈሩ እየዞረ፣ ስልሳ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው ሁሉ እየጠየቀ፣ ማን መርሳት እንደጀመረ ይመዘግባል። እኛ ቤት ስልሳ አምስት የሞላው ሰው አማቴ ጋሽ ሽባባው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ሞልቷቸው ተርፏል፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አሁን ሥራቸው የእኔን ልጅ መያዝ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ዶክተሩ ሲመጣ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። እኔ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር እሞላለሁ። የባሌ ሥራ ሩቅ አገር ስለሆነ ልጄን ያብስራን ለአማቴ ትቼ ነው የምወጣው። አንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው። አማቴ ደግሞ አንዳንዴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ይፈልጋሉ። ባለፈው ጊዜ ልጄን በሟች ባለቤታቸው ስም ጠሯት። አፈር እየሞላሁ ሳለ ይኼ ትዝ ይለኝና እጄ ይቆማል። ዛሬ ረስተዋት ወጥተው ቢሆንስ እላለሁ።

ዶክተሩ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አይበልጥም። የማያውቀው ነገር ግን የለም። ያለችንን አንድ ወንበር ሰጥተነው ገና ከመቀመጡ፣ «ደም ግፊት ጭንቅላት ይጎዳል፣ ስኳር ይጎዳል፣ ጆሮ አለመስማት ይጎዳል፣ ብቻ መዋል ይጎዳል፣ አለመማር ይጎዳል» እያለ ዘረዘረልን። ሲዘረዝር በግራ እጁ ጉንጩን ይዟል። የተማረ ሰው ሲያስብ እንደዚያ የሚይዝ መስሎኝ ነበር። ያቀረብኩለትን ሻይ ግን አልነካውም።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል አባት?» አላቸው አማቴን።

«ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜያለሁ።»

«እሱ እዚህ ወረቀት ላይ የለም» አለና ዜሮ ጻፈ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ዳዊት ዜሮ ሆነ?»

«አሁን ሦስት ቃላት እነግርዎታለሁ» አለ ዶክተሩ። «ቁልፍ፣ ሎሚ፣ ወንበር። ቆይቼ ስለምጠይቅዎት እንዳይረሱ።»

ቀኑን ጠየቃቸው፣ ነገሩት። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይውረዱ አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ በሜትር ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ «በቃ፣ በቃ» እያላቸው እስከ ሁለት ወረዱለት። እኔም የምፈተነው እኔ ይመስል በጣቴ አብሬ እቀንሳለሁ።

«እነዚያ ሦስት ቃላትስ?»

«ቁልፍ፣ ሎሚ፣ ወንበር። ወንበሩንማ እንዴት እረሳዋለሁ? አንተ ተቀምጠህበት እኔ በርጩማ ላይ ነኝ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፣ ዶክተሩ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ገለበጠና ወደ እኔ ዞረ። «አሁን የሚጠየቀው አብሯቸው የሚኖረው ሰው ነው። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ እህቴ። ዕቃ የት እንዳስቀመጡ ይረሳሉ?»

«መነጽር አንዳንዴ...»

ምልክት አደረገ። «የሰው ስም ያሳስታሉ?»

«አንድ ቀን ብቻ...»

ምልክት አደረገ። «አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ?»

እንዳልዋሽ ብዬ «አዎ» አልኩ። «ጠዋት ገና ስነሳ አራቴ አምስቴ ይጠይቁኛል። ከሥራ ስመለስም እንደዚያው ነው።» ምን ብለው እንደሚጠይቁኝ ልነግረው አፌን ስከፍት ብዕሩ ቀደመኝ። የአሁኑን ምልክት ከሁሉም አድምቆ አደረገው።

«ይኼ ነው ዋናው!» አለ፣ ጉንጩን እንደያዘ። «የታወቀ ነው። ሰውየው መጠየቁን ይረሳል፣ ስለዚህ መልሶ ይጠይቃል። እህቴ፣ ከእንግዲህ ሕፃን ብቻቸውን ባይዙ ይሻላል። እዚህ ላይ እንደዚያ ብዬ ልጽፍ ነው።»

ልጄን ለማን ልስጣት? ሥራዬንስ ልተው? በገዛ አፌ አማቴን አሳልፌ ሰጠኋቸው ብዬ ቀና ብዬ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ያብስራ ጉልበታቸው ላይ ቁጭ ብላ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ልትነቅል ትታገላለች። እሳቸው ጣቶቿን አንድ በአንድ አስለቀቁና ዶክተሩን አዩት።

«እንዴት ነህ ልጄ?» አሉት።

«ደህና ነኝ» አለ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«እንዴት ነህ? ሰላም ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባት፣ ደህና ነኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ፣ አየሽ አይደል፣ አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባባ፣ እባክዎ ይተዉት» አልኳቸው በቀስታ።

የት ይተዋሉ! «ደህና ነህ ወይ? እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ አልኩዎት እኮ!»

አማቴ በርጩማቸውን ወደሱ ሳብ አደረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ» አሉት፣ «እንዴት ነህ?»

ዶክተሩ ከወረቀቱ ቀና አለ። ብዕሩን አስቀመጠና ጉንጩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ኧረ ጥርሴ!» አለ። «ኧረ አባቴ፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው! አራት ቀኔ ነው። ውሃ እንኳ ሲነካው ነፍሴ ትወጣለች። ማስነቀል ደግሞ እፈራለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያቺን ጉጠት ሳያት ላብ ያጠምቀኛል። ዶክተር ሆኜ ይኼን ለማን እናገራለሁ?»

«ይኸው!» አሉ አማቴ። «ሦስት ጊዜ ዋሽተኸኝ በአራተኛው ተናገርክ። ይቺ ምራቴም እንዳንተው ናት። በመጀመሪያው ‹ደህና ነኝ› ትለኛለች፣ በሁለተኛው ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ትለኛለች፣ በሦስተኛው ትቆጣለች። ልጅቷ ጡት እምቢ ማለቷን፣ እሷንም ወገቧን ሲያማት መክረሙን የምሰማው በአራተኛው ነው። እኔ የምደጋግመው ጥያቄዬን ረስቼ አይደለም፣ መልሳችሁን ስለማላምነው ነው!»

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ያንን የደመቀ ምልክት ሁለት ጊዜ ሰረዘው። ልጽፍ ነው ያለውንም ሳይጽፍ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ከተተ። ያብስራን ጉንጯን ነካ አድርጓት ወጣ፣ እኔም እስከ በር ሸኘሁት።

በሩ ላይ ሲደርስ፣ «በይ እህቴ፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ» አልኩት።

አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ተመልሶ መጣ። «እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

አማቴ ከውስጥ ጮኹ፦ «ገና ሁለት ይቀርሃል!»