የፍርስራሹ ባለቤት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ የያዘው ይራቅ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ ባሕር ዳር አንድ መንደር ነበረ። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ቢል ሰዎቹ ጓዛቸውን በግመል ጭነው ሄዱ። ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ በሰበሱ፤ ግድግዳዎቹም ተራ በተራ ወደቁ። ጣራ የቀረለት አንድ ቤት ብቻ ነበር።

እዚያ ቤት አቶ ቀበሮ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ጥላ አገኘሁ ብሎ አመሰገነ። በሁለተኛው ቀን "ቤቴ" አለ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ከአባት ከአያቱ የወረሰው ሆነ።

"ከእንግዲህ ጥላ የፈለገ ሁሉ 'ቤቶች!' ብሎ ይጣራ" ሲል አወጀ።

ኤሊ መጣች።

"ቤቶች!"

"ደጆች! ማነው?"

"እኔ ኤሊ ነኝ ጌታዬ፣ ፀሐዩ ፈጀኝ።"

"ቤቱ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነዋ፣ ከአባት ከአያትዎ!"

"ምን ይዘሻል?"

"ዓሣ።"

"ግቢ።"

ኤሊ ስታርፍ ቆይታ ወደ ባሕሯ ተመለሰች። ቀጥላ ሚዳቋ መጣች። ትናንት የወለደቻት ግልገል ከሥሯ ነበረች።

"ቤቶች!"

"ደጆች! ምን ይዘሻል?"

"ልጄን።"

"ባዶ እጅሽን ነዋ!" አለና በሩ ላይ ተጋደመ።

"ኧረ ጌታዬ፣ ለእሷ ብቻ! እኔ ውጭ እቆማለሁ።"

"ዛሬ ለእሷ ካልኩ ነገ ለአገሩ ሁሉ ልል ነው።"

ግልገሏ ከቀትር አላለፈችም። ቀበሮ ከደጃፉ ሳይነሳ "ነፍስ ይማር" አለ። "ልቅሶውን ግን ራቅ አድርጊው፤ ልተኛ ነው።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌላ ድምፅ ተጣራ።

"ቤቶች!"

"ደጆች!" አለ ቀበሮ ቀና ሳይል። "ምን ይዘሃል?"

"ራቤን።"

ቀና ቢል አያ ጅቦ በሩን ሞልቶታል። ቀበሮ ደነገጠ። ባለቤት ለእንግዳ ከሚለው በቀር ሌላ ቃል አልመጣለትም።

"ይግቡ እንጂ አያ ጅቦ! ቤት ያፈራውን ይቀምሳሉ።"

ጅብ ገባ። ጥግ ጥጉን አሸተተ። ከተሰበረ ገንቦና ከዓሣ አጥንት በቀር ምንም የለም።

"ቤትህ ያፈራው አንተን ብቻ ነው" አለ።

"ቤቱ የኔ አይደለም!" ብሎ ጮኸ ቀበሮ። "ሰዎች ጥለውት የሄዱት ነው። እኔም እንደ እርስዎ እንግዳ ነኝ! ጎረቤቶቼን ይጠይቁ!"

ጅብ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። "እናንተ! ይህ ቤት የማን ነው?"

"የጌታችን ነው፣ ከአባት ከአያታቸው!" አለች ኤሊ ከውሃው ጫፍ፣ ቀበሮን የጠቀመች መስሏት።

ሚዳቋ ከአሸዋው ጉብታ ላይ ቆማ ነበር።

"እመት ሚዳቋ!" አለ ቀበሮ። "አንቺ እንኳ እውነቱን ተናገሪ፣ የነፍስ ነገር ነው!"

ሚዳቋ ደጃፉን ከሩቅ አየችው።

"እኔ እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም" አለች። "ስለማላውቀው ቤት ምን ብዬ ልመስክር?"

ጅብም ቤት ያፈራውን በላ።

ባለቤት ነኝ ያለ፣ እንግዳ አይመርጥም።