የዋስ ሜዳ አመጣጥ

ከአዝዋሪ ወንዝ ማዶ፣ ከዳገቱ ሥር ለጥ ብሎ የተዘረጋው መሬት ዋስ ሜዳ ይባላል። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ሜዳው በድሮ ዘመን ባሏ የሞተባት የአንጓች ርስት ነበር፤ ከመካከሉ በሚፈልቀው ምንጭም ክረምት ከበጋ ጌሾና ነጭ ሽንኩርት ታለማበት ነበር።

አንድ ቀን፣ እንደሚነገረው፣ የወረዳው ምስለኔ ሕዝቡን ሰብስቦ በአንጓች ርስት ላይ የቅዳሜ ገበያ ሊተከል መሆኑን፣ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ጎርፎ አገሩ እንደሚለማ፣ ለእሷም ከዳገቱ ላይ ምትክ መሬት እንደሚሰጣት አስታወቀ። ወንዱ አጨበጨበ፤ ሴቱ እልል አለ። አንጓች ግን የምስለኔውን አሽከሮች ትመለከት ነበር። ችካል የሚተክሉት ለገበያ በሚመቸው በመንገዱ ዳር ሳይሆን በምንጩ ዙሪያ ነበርና ነገሩ አላማራትም።

«ጌታዬ፣ ገበያ ውሃ ይጠጣል እንዴ?» አለች።

«የነጋዴው አህያ ይጠጣል» ብሎ ምስለኔው ሳቀ፤ ሰዉም አብሮት ሳቀ።

ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ጎረቤቷ ውብአንተ ነበር። «እታለም፣ ላንቺ ሲባል አገሩ ሳይለማ ይቅር?» አላት።

አንጓች ዞር ብላ አየችው። ስንት ዘመን በእርሻ በአጨዳ የተጋገዙ ሰዎች ነበሩና፣ ከምስለኔው ንግግር ይልቅ የእሱ ጭብጨባ ሆዷን አሻከረው። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ወይስ እሱም ተታሎ? መለየት አቃታት።

«እንግዲያው አያ ውብአንተ፣ ዋሴ አንተ ሁን» አለችው። «ገበያው ሳይቆም ቢቀር የወንዝ ዳር እርሻህን ትሰጠኛለህ።»

ይህን ሁሉ ሰው እያየው እምቢ ማለት አሳፍሮት ዋስ ሆነ ይባላል።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሜዳው ታጠረ። አንጓች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከምትክ መሬቷ ቁልቁል ታያለች፤ አንድም ነጋዴ የለም፤ የምስለኔው ሰዎች ግን ምንጩን ጠልፈው የእሱን ጌሾ ያጠጣሉ። ዋሱ ነገሩን ሊጠይቅ ቢሄድ «ገበያው ይደርሳል፤ ምን አስቸኮለህ?» ተብሎ ተመለሰ። ደግሞ ቢሄድ ከበር አላሳለፉትም።

ከዚያም ወደ አንጓች መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ። ግባ ብትለው አልገባም።

«አውቀህ ነበር?» አለችው።

«አላወቅሁም» አላት አንገቱን ደፍቶ። «አልጠየቅሁምም። መሬቱ የእኔ አልነበረማ።»

በማግስቱ የወንዝ ዳር እርሻውን በሽማግሌ ፊት አስረከባት። አዝናለት እኩሌታውን መለሰችለት የሚሉ አሉ፤ የለም፣ አንዲት ስንዝር አልመለሰችም የሚሉም አሉ። ምስለኔው ተሽሮ ሌላ ሲሾም አጥሩ እንዳለ ለአዲሱ ሹም መተላለፉን ግን ሁሉም በአንድ ቃል ይናገራሉ።

ዛሬም በዚያ አገር ስብሰባ ተጠርቶ ፋብሪካ ሊቆም ነው፣ ለልማት የእገሌ መሬት ይፈለጋል የተባለ እንደሆነ፣ ተናጋሪው ሲጨርስ የሚያጨበጭብ አይገኝም። ሰዉ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ጎረቤቱን በዓይኑ ጥግ ያያል። እንግዳ የሆነ ሹም ብርዱ ነው ብሎ ያስባል።