ጠያቂ የበዛበት ዲስክ

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ መርሳት ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በልጅነቷ ያስተማሯት ጋሽ ይርዳው ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ አባባን ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ ገና ከበሩ ‹አወቁኝ? እስቲ እኔ ማን ነኝ?› ይላል። ካወቁት ይጨበጨባል። ካላወቁት ሰውየው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አባባም አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ። እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም ጠዋት ጠዋት እንደዚያው አደርጋለሁ። የማያውቁኝ ቀን የመጣ እንደሆነ ብዬ እፈራለሁ። ጠያቂውን ልከልክል? ሰውስ ምን ይለኛል? ወይስ ዝም ልበል?»

ጋሽ ይርዳው እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ እሹሩሩ የሚሰበስብ ሰው ነበረ። እንጀራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከግቢ ግቢ ሲዞር እናቶች ልጅ ሲያባብሉ ይሰማል። እሹሩሩ ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። አንዷ ባሏን ታማበታለች፤ ሌላዋ ትታው የመጣችውን አገር ታነሳበታለች፤ አንዷ ደግሞ አማቷን ትሰድብበታለች፣ ልጁ አይሰማም ብላ። ሰውየው እያስፈቀደ መቅዳት ጀመረ። ዓመታት አለፉ። ከቀዳቸው ሴቶች ብዙዎቹ ሞቱ። የገዛ እናቱም ሞተች፤ የልጅ ልጇን አዝላ ያዜመችው ግን ተቀድቶ ቀረ። ይህ ሁሉ ያለው በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። «አንድ ቀን እገለብጠዋለሁ» ይል ነበር፤ አልገለበጠውም።

አንድ ቀን ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲያገናኘው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ፋይሎቹ ለመከፈት ዘገዩ። አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተከፈቱም። ሰውየው ደነገጠና ለጎረቤት ተናገረ። ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነው።

በዚያ ከተማ ታመመ የተባለ ነገር ይጠየቃል። የእናታቸው ድምፅ እዚያ ዲስክ ላይ ያለ ሁሉ መጡ። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፤ ብርቱካን ይዘው ነው። ይቀመጣሉ፣ «እንዴት ዋለ?» ይላሉ።

«እንደዚያው ነው።»

«እስቲ ክፈተውና እንስማ።»

ሰውየው ይሉኝታ ያለው ነው። እንግዳ እንዲሁ ተመልሶ እንዲሄድ አይወድም። ስለዚህ ገመዱን ይሰካል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እንግዶቹ «እግዚኦ!» ይላሉ። አንዱ እንደ አሮጌ ሬዲዮ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ሌላው በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው የሚሻለው አለ። አንዲት እናት ጠበል ይዘው መጥተው ነበር፤ «እማማ፣ በማርያም! ውሃ ከነካውማ አበቃለት!» ብሎ ሰውየው በግድ አስጣላቸው። እነዚህ ሲወጡ ይነቅለዋል፤ ሌሎች ሲገቡ እንደገና ይሰካዋል። እንግዳ በሌለበት ሰዓት ደግሞ እሱው ራሱ ይከፍተዋል። የእናቱን ድምፅ ጥቂት ይሰማና «አለች» ብሎ ይዘጋዋል። መጀመሪያ ወዲያው ይከፈት የነበረው ዲስክ፣ ቆይቶ ደጋግሞ ካልተሞከረ የማይከፈት ሆነ።

በመጨረሻ ወደ አንዲት ኮምፒዩተር ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኟ አልሰካችውም። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ጥያቄ ነው የጀመረችው።

«ከታመመ ወዲህ ተከፍቷል?»

«ሰው በመጣ ቁጥር።»

«ምን ያህል ሰው መጣ?»

«የሰፈሩ ሰው ነዋ።»

«ምነው ወንድሜ፣ በቁሙ ለቅሶ ተቀመጣችሁበት እንዴ?»

ሰውየው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«በውስጡ እንደ ድሮ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን አለ» አለችው። «በሳህኑ ላይ፣ ሳይነካው፣ የሚያነብ ትንሽ ክንድ አለ። የታመመው እሱ ነው። አሁን በከፈትከው ቁጥር ሳህኑን ይፍቀዋል። የሚፋቀው ደግሞ ድምፁ ነው። ደህና መሆኑን ለማየት ብለህ ስትከፍተው ካለው ላይ ትቀንሳለህ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ዝም በለው። የምገለብጥበትን መሣሪያ ከአዲስ አበባ እያስመጣሁ ነው። ሲደርስ ይከፈታል፤ የሚከፈተውም ለመገልበጥ ብቻ ነው። ማድመጥ የሚባል ነገር የለም። እምቢ ያለው ቦታ ላይ አንታገልም፤ አልፈነው ደህናውን አስቀድመን እናወጣለን። ወደታመመው የምንመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይከፍተው። አንተም ጭምር።»

«እዚሁ ተወው» ብላው ነበር። አንጀቱ አልችል አለና ይዞት ተመለሰ።

በማግስቱ አክስቱ መጡ። የእናቱ ታናሽ ናቸው፤ ሩቅ ገጠር ነው የሚኖሩት። ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ውለው ደረሱ። እህታቸው ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን ሰምተው አያውቁም። ገና እግራቸውን ሳይታጠቡ፣

«ሊጠፋ ነው ሲሉኝ ጊዜ ነው የመጣሁ። ሳይጠፋ አንዴ አሰማኝ» አሉት።

«እቴቴ፣ አይሆንም።»

«ምን አልክ?»

«ከተከፈተ ይጎዳል።»

«ለጎረቤት ሲከፈት ከርሞ ለኔ ሲሆን ነው የሚጎዳው?»

የተናገሩት እውነት ነበር። ሰውየው ተነሳና ዲስኩን ከቁም ሳጥን አወጣው። ገመዱን አንስቶ አንዱን ጫፍ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካ። ሌላውን ጫፍ እንደያዘ ቆመ። አክስቱ ወንበሩን ስበው ቀረብ አሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ገመዱን ነቀለው፣ ጠቀለለውና በአክስቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«እርስዎ ይያዙልኝ» አለ። «እኔ ጋ ካለ እሰካዋለሁ።»

አክስቱ ተቀይመዋል። ቢሆንም ገመዱን ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ከዚያ በኋላ ጠያቂ ሲመጣ በር የሚከፍቱት እሳቸው ሆኑ። «ተኝቷል» ይላሉ። ብርቱካኑን ይቀበላሉ፤ እንግዳውን አስቀምጠው ስለ ዝናቡ ያጫውቱታል፤ ገመዱን ግን ለማንም አላወጡትም።

መሣሪያው ደረሰ። ጠጋኟ ዲስኩን ከፍታ እንዳለችው አደረገች፤ ደህናውን አስቀደመች፣ ክፉውን አለፈች፣ በመጨረሻ ተመለሰችበት። ጥቂት እንደሠራ ዲስኩ ጨርሶ ዝም አለ። የወጣው ወጣ፤ ሲሶው ያህል ጠፋ። ከእናቱ እሹሩሩም መጀመሪያው የለም። ከመሃል ነው የሚጀምረው።

አክስቱ ቅጂውን ሲያሰማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ድንገት፣

«ቆይ፣ ቆይ! ይቺ ግጥም የኔ ናት! ከኔ ወስዳ ነው፣ ይቺ ሌባ!» አሉ። ወዲያው ደግሞ «መልሰው» አሉት። መለሰላቸው። ቅጂ ነውና የፈለጉትን ያህል ቢሰሙት አይጎዳም። የጎደለው መጀመሪያ እንዴት ይል እንደነበር ሲጠይቃቸው ግን «የኔን እንጂ የሷን አላውቅም» አሉ። የጠፋው እንደጠፋ ቀረ።

ጋሽ ይርዳው ወሬያቸውን እዚህ ላይ ጨርሰው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ያ ዲስክ አባትሽ ናቸው አልልሽም» አሉ። «ዲስክ ይገለበጣል፤ ሰው አይገለበጥም። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። አባትሽ የቀራቸው ጉልበት ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ መኖሩን ለማረጋገጥ ስንል እሱኑ እንጨርስባቸዋለን። ‹ማን ነኝ?› ፈተና ነው። ቢያልፉ የሚያገኙት ጭብጨባ ነው፤ ቢወድቁ ቀናቸው ይበላሻል። ዘመዶችሽ ክፉዎች አይደሉም፤ ወደዋቸው ነው የሚመጡት። ስለዚህ በርሽን አትዝጊ። በሩ ላይ ቁሚና ለሚገባው ሁሉ ንገሪው፤ ‹ጋሼ፣ እኔ እገሌ ነኝ፣ የእገሌ ልጅ› እያለ ይግባ። የሚቀየም ይቀየም። አንቺም ጠዋት ‹አባባ፣ ትርንጎ ነኝ፤ እንደምን አደሩ?› በያቸው። ስምሽን ከሳቸው አትጠብቂ።»

ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች።

«‹ትርንጎ የምትባል ልጅ የለኝም› ያሉኝ እንደሆነስ?»

«አትከራከሪያቸው። ‹እሺ› በይና አጠገባቸው ተቀመጪ። የሚያወሩትን ስሚ። የተሳሳቱበትን አታርሚ፣ እለፊው። ልጃቸው መሆንሽን አንቺ ካወቅሽ ለሁለታችሁም ይበቃል።»