የነገው ሌክቸር

ዶክተር ምንውየለት «ዶክተር» ብለው ካልጠሯቸው ዞር ብለው የማያዩ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበሩ። ከክፍል የቀረ ተማሪ ሁሉ የናቃቸው ይመስላቸዋል። አንዲት ተማሪ የታመመች እናቷን ስታስታምም አንድ ወር ቀርታ በፈተናው ሰሞን ብትመለስ፣ በክፍሉ ፊት አቆሟት።

«ለፋይናል ፈተና አትቀመጪም። ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

«ዶክተር፣ አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ሳጠና ነው የከረምኩት። ያመለጠኝ ትምህርት የለም።»

«‹የእርስዎ ሌክቸር አያስፈልገኝም› ነው የምትዪኝ?» አሉ። «እንግዲያው ነገ የማስተምረውን ዛሬ ንገሪኝ። ካወቅሽው ትፈተኛለሽ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀላቸው፤ ማርክ የሚሰጡት እሳቸው ናቸውና።

«ነገ የሚያስተምሩት ስለ ዋጋ ንረት ነው» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ መነጽርዎን ያወልቃሉ። ከዚያ ‹ዛሬ አንድ እንቁላል በስሙኒ ገዛችሁ እንበል፤ ነገስ?› ብለው ይጠይቁና፣ መልስ ሳይጠብቁ ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ።»

ዶክተሩ ሊያወልቁት የያዙትን መነጽር ለቀቁት።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«እናቴ ናት። እሷም እርስዎ ዘንድ ነው የተማረችው። እንቁላል ያኔም በስሙኒ አይገኝም ነበር ብላኛለች።»